ሦስት ሴቶች በጠዋት

ራፕ የሚሉትን ነገር የጎረምሳ ጉራ ነበር የሚመስለኝ። አንገት ላይ ሰንሰለት፣ አፍ ላይ ስድብ፣ አለቀ። ቡራዩ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም በምንሰፋበት ቤት፣ ከጎኔ ባለው መኪና የምትሠራው ጓደኛዬ አንድ ቀን ፔዳሉን እየረገጠች እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

የሰው ልጅ ዩኒፎርም ስሰፋ ስሰፋ፣
የራሴ ልጅ ሳይመጣ ዕድሜዬ ተገፋ።

እጄ ኮሌታው ላይ ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ራፕ ነዋ!»

«ይሄማ ራፕ አይደለም፤ ልቅሶ ነው።»

«ልቅሶ ከሆነ እግርሽ ለምን ይመታል?»

ዝቅ ብዬ አየሁት። እውነትም ይመታ ነበር።

ጓደኛዬ ሱሉልታ ተወልዳ ያደገች ናት። በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሳለች፤ ስትናደድ ደግሞ በተቃራኒው። ዘፈኗን «ማለን ሶዳዳ» ብላዋለች፤ «ምን እፈራለሁ» ማለት ነው። የእሷ ግጥም አልቋል፤ ሰበታ ያለ አንድ ስቱዲዮም ለቅዳሜ ቀጥሯታል። የጎደላት የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

«ፍርሃትን አንድ ሰው ብቻውን ሲያወራው ያበደ ይመስላል» አለችኝ። «ሁለት ሲሆኑ ነው ሰው የሚያምነው። ሁለተኛዋ አንቺ ነሽ።»

«እኔ? እኔ እኮ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነኝ! ዘፈን ላይ ድምፄን?»

«ማን ዝፈኚ አለሽ? ተናገሪ ነው ያልኩሽ። ዜማ የለው፣ ጭፈራ የለው። እስቲ ኃጢአቱ የቱ ጋ ነው?»

«የቱ ጋ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አለኝ» አልኳት። የንስሐ አባቴን ማለቴ ነው።

ከጎጃም መጥቼ እዚህ መኖር ከጀመርኩ አምስት ዓመቴ ነው፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ ቤት እንኳ ቀይሬ አላውቅም። ግን እውነቱን ልናገር፦ ሳልጠይቃቸው ጽፌው ነበር። ልብስ በምንቀድበት ቡናማ ወረቀት ትርፍራፊ ላይ፣ በጠመኔ፣ ከአንዱ ሱሪ ወደ ሌላው ስሻገር። ቃሉ ዝም ብሎ ይመጣል! ኪዳን ላይ ቆሜ ይመጣል፤ ሽንኩርት ስከትፍ ይመጣል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የት ተደብቆ እንደኖረ እንጃ። አንድ ሳምንት ሙሉ ልቤ እንደ ልጅ ልብ ስትዘል ሰነበተች፤ ሰው እንዳያውቅብኝ አንገቴን ደፍቼ ነው የሰፋሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባን ግቢው ውስጥ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በወጣትነታቸው ቅኔ ሲማሩ የኖሩ፣ የእኔው አገር ሰው ናቸው።

«ይፍቱኝ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምነው ፊትሽ እንዲህ በራ? ልታገቢ ነው?»

«የለም አባቴ፤ ራፕ ልናገር ነው።»

መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው። እንደሚቆጡኝ እርግጠኛ ስለነበርኩ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ጨምድጄ ይዤዋለሁ።

«ያው ግጥም ነው እያልሽኝ ነዋ» አሉ። «በይው እስቲ።»

«እዚህ?»

«ሌላ የት ልትዪው ነው?»

አንገቴን ደፍቼ አልኩት፦

ወራጅ አለ ማለት ምላሴን ይይዘኛል፣
ታክሲው ከቤቴ አልፎ ገፈርሳ ያወርደኛል።

ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። በረታሁ። ስለ ጨለማ አልኩ፣ ስለ ውሻ አልኩ፣ መጨረሻ ላይ «ሞትን እፈራለሁ እንደማንም ሰው፤ ማን ያውቃል ቀኑን» ብዬ ዘጋሁ።

«ቆይ» አሉ፤ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። «አንደኛ፣ እዚህ ላይ ቤቱ አልመታም። ሁለተኛ፣ ‹እንደማንም ሰው› ካልሽማ ማንም ሰው ይበለው። አንቺስ? አንቺ ምንድን ነው የምትፈሪው?»

አባ ስለ ኃጢአት ይጠይቁኛል ብዬ ስዘጋጅ የጠየቁኝ ስለ ግጥሜ ነው! መልሱ ነበረኝ፤ ግን ለማንም፣ ለጓደኛዬም ጭምር፣ ተናግሬው አላውቅም። አፍሬበት ነዋ።

ለእሳቸው ግን ነገርኳቸው።

ባለፈው ሰኔ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አከራዬ ናቸው፤ ከኋላቸው ሁለት የጎረቤት ሴቶች፣ ሁሉም ነጠላቸውን ተከናንበዋል። ከአገሩ የራቀ ሰው ይህን ትርጉሙን ያውቃል። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ለጎረቤትሽ ይደውላል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ በርሽን ያንኳኳል። ለዚህም ነው እናቴ ጋ ካለው ወንድሜ ዘንድ ከራሴ በቀር የማንንም ስልክ አስመዝግቤ የማላውቀው፤ ከእኔ ቀድሞ ማንም እንዳይሰማ። እነዚያን ሦስት ሴቶች ሳይ ግን ወንድሜ የእነሱ ስልክ እንደሌለው ከአእምሮዬ ጠፋ። «እናቴን!» ብዬ መሬት ላይ ተዘረጋሁ።

አከራዬ ደግሞ መርዶው ለእኔ ቀድሞ የደረሰኝ መሰላቸው። «ወይኔ ልጄን! ወይኔ ባይተዋሯን!» ብለው አለቀሱ። ጎረቤቶቹ ደረታቸውን መቱ። በጓሮ በኩል የሚኖረው ተከራይ ጺሙን ሊላጭ ሳሙና እንደተቀባ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ አነባ። ስንት ደቂቃ እንዳለቀስን አላውቅም። በመጨረሻ አንዷ ጎረቤት እንባዋን እየጠረገች «መቼ ሰማሽ?» አለችኝ።

«እናንተ አይደላችሁ እንዴ ልትነግሩኝ የመጣችሁት?»

«እኛማ ውሃ ለሦስት ቀን ይጠፋል ተብሏልና ጀሪካን ሙዪ ልንልሽ ነው።»

አባ ሲስቁ መስቀላቸው ከእጃቸው ሊወድቅ ደረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ስለ ጉዳዩ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ድንገት ግን ሳቃቸውን አቆሙ።

«እናትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት አባቴ።»

«እንግዲህ ግጥምሽ ይሄ ነው። ስድብ አትጨምሪበት፣ ሰው አትንኪበት። የፈራሽውን እንደፈራሽው ብትናገሪ የማዝንብሽ ነገር የለም። ያቺን ሞት ያልሻትን ግን አውጪያት፤ ቤቱንም አበላሸች።»

ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤቴ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ መሄድ አላስቻለኝም። ስደርስ የሦስቱ ሴቶች አራት መስመር አልቆ ነበር።

ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር በአየር ጤና ዞረን ሰበታ ገባን። ስቱዲዮ የተባለው ግድግዳው በብርድ ልብስ የተሸፈነ አንድ ክፍል ነው። ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው አቀናባሪ የጆሮ ማዳመጫውን ሻሼ ላይ ጫነልኝ። ማይክራፎኑ ፊት አማተብኩ። ሙዚቃው ሲጀምር ከሥር የገባውን ድምፅ ለየሁት፤ የእኛው የስፌት መኪና ነው! ለካ ጓደኛዬ በስልኳ ቀድታው ኖሯል።

ጀመርኩ። ድምፄ ግን ኑዛዜ ላይ እንዳለሁ ሆኖ ወጣ።

«እህቴ፣ እዚህ የተኛ ሰው የለም፤ ትንሽ ከፍ በይ» አለኝ አቀናባሪው።

ይህን አገር ምድሩ ሊሰማው ነው፤ አከራዬ ሊሰሙት ነው፤ እናቴም አንድ ቀን በሰው ስልክ ልትሰማው ነው። ትቼው ልውጣ ወይ ብዬ ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ።

«ሂን ሶዳቲን!» አለችኝ፤ አትፍሪ ማለቷ ነው። ወዲያው ደግሞ አፏን በእጇ ያዘች። «ኧረ ፍሪ! ስለ ፍርሃት አይደል እንዴ? ፍሪ፣ በደንብ ፍሪ!»

ፈራሁና አልኩት፦

ሦስት ሴቶች በጠዋት በሬን መቱና፣
ሳልጠይቅ ጮህኩኝ፣ መሬት ወደቅኩና፤
ለካስ የመጡት ውሃ ሊጠፋ ነውና፤
እናቴ ደህና ናት፤ ዛሬ ደህና ናት ገና።

ሙዚቃው ቆመ። አቀናባሪው ማዳመጫውን አወለቀና «ይሄ አለቀ። አይነካም» አለ። ጓደኛዬ እየዘለለች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ታለቅሳለችም ትስቃለችም።

«ገላቶሚ፣ ገላቶሚ! ተባረኪ! እስከ ዛሬ እንዴት አልነገርሽኝም? በይ አሁን ስልክ ቁጥሬን ለወንድምሽ ስጪው፤ ክፉ ቀን ቢመጣ በርሽን የማንኳኳው እኔ ልሁን።»

«አልሰጥም!»

«ለምን?»

«ፈራሁ ስልሽ! አሁን አልሰማሽም?»

ሦስታችንም ሳቅን። አቀናባሪው ገመዱን መጠቅለል ሲጀምር ግን እጁን ያዝኩት። እጄ የሰው ወንድ እጅ መያዙ ትዝ ያለኝ ኋላ ነው።

«ተው፣ ቆይ» አልኩት። «አንዴ ልድገመው።»

«ጥሩ ነው እኮ፤ ምንም አልተበላሸ።»

«ስላልተበላሸ ነው» አልኩና ማዳመጫውን ሻሼ ላይ መልሼ ጫንኩት።