አጥር የሚሻገር ትንፋሽ

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ሕጉ» ይላታል። አፏን ስትከፍት መጀመሪያ የሚወጣው ቃል «ሕጉ» ስለሆነ ሰው ሌላ ስም ለመፈለግ አልደከመም። «ሕጉ፣ ከኦክስጅን ማሽኑ አጠገብ ሲጋራ አይጨስም።» «ሕጉ፣ ማሽኑ ላይ እርጥብ ልብስ አይሰጣም።» አንድ ቀን ሙቀቱን ወዳ ማሽን ላይ የተኛች ድመት አግኝታ «ሕጉ፣ ድመት አይተኛበትም» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያ ሕግ የት እንደተጻፈ እግዜር ይወቀው።

እኔ ሾፌሯ ነኝ። የምንሠራው ለሆስፒታሉ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ቢሯችን ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ስለሆነ ግድግዳው ሁልጊዜ ይሞቃል፣ በረኪና በረኪና ይሸታል። እሷ ራሷ ማኅበሩ ከመቅጠሩ በፊት ከዚያ ግድግዳ ማዶ አንሶላ ታጥብ ነበር። የማኅበሩ ሰዎች ዕቃ ሲያወጡና ሲያስገቡ እያየች «እንዲህ አይደለም የሚታሰረው፣ እንዲያ አይደለም የሚጫነው» ስትል፣ ከመጨቃጨቅ መቅጠር ይሻላል ብለው ነው የወሰዷት። እኔ እንዲህ ነው የማምነው፤ እነሱ ሌላ ይላሉ።

ሥራችን ማዋስ ነው። ክራንች፣ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ከሁሉም በላይ ግን ኦክስጅን የሚሰጡ ማሽኖች። ሳንባው የደከመ ሰው ለመተንፈስ ብቻ ብሎ ወር ሙሉ ሆስፒታል ከሚተኛ ማሽኑን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ አልጋው ኮሪደር ላይ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ይለቀቃል። ማሽኑ በመብራት ነው የሚሠራው። መብራት ሲጠፋ እንዲያገለግል አንድ መጠባበቂያ ሲሊንደር አብረን እንሰጣለን። ሲሊንደር ብቻውን ግን ብረት ነው፤ አናቱ ላይ የሚታሰር፣ አየሩን መጥኖ የሚለቅ መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል። እኛ «ጌጅ» እንለዋለን። እንደ ልብ ስለማይገኝ ለአንድ ቤት አንድ ጌጅ ነው። ባዶውን ሲሊንደር በሙሉ ስንቀይር ጌጁ እዚያው ቤት ይቀራል።

ከሕጎቿ ሁሉ የማይነካው አንድ ነበር፦ ማሽን ወይም ሲሊንደር ለሌላ ያዋሰ ሰው ይነጠቃል። ማኅበሩ ይህን ሕግ እንዲያወጣ ተከራክራ ያሸነፈችው እሷ ናት። ድሮ አንድ ማሽን ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ጠፍቶ፣ ሲገኝ ተቃጥሎ፣ ተራዋ የደረሰ አንዲት እናት ባዶ እጇን ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ ሞታለች። ይህን ስታወራ ድምጿ ይቀየራል። ስለዚህ ሰው ሕጉን ቢጠላውም እሷን አይጠላትም ነበር።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው ሰፈር መብራት ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት፤ እናቷ ከኛ ማሽን ከወሰዱ ቆይተዋል።

«እትዬ፣ እማዬ መተንፈስ አቃታት! ሲሊንደሩ አልቋል!»

«ምን ማለትሽ ነው? ባለፈው ሳምንት ሙሉ አድርጌ ያመጣሁት?»

«እንጃ… ተኖ ይሆናል… ብቻ ድረሱልን!»

መጋዘን ውስጥ የቀረው አንድ ሙሉ ሲሊንደር ነበር። ጭነን ወጣን። ጌጅ አልያዝንም፤ ምን ያደርግልናል፣ ቤታቸው አለ።

መንገዱ ተጨናንቋል። እሷ በመስኮት አንገቷን አውጥታ የሰው መኪና ሁሉ ትሳደባለች፣ መለስ ስትል ደግሞ እኔን። «እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ሄዷል፤ አንተ ብቻ ቀረህ!» አለችኝ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አልኳት። ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ወደ ሰፊዋ ቤት የሚያስገባው መንገድ ለውሃ ቧንቧ ቦይ ተቆፍሮበት ከወዲያ ወዲህ ሳንቃ ተጋድሞበታል። መኪናውን አቁሜ ሲሊንደሩን ትከሻዬ ላይ አወጣሁ። ሳንቃው ከስሬ ሲያረገርግ ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ እሷ ከኋላዬ «እንዳትጥለው ብቻ» ትላለች። ስለ እኔ መውደቅ ያሳሰባት ነገር አልነበረም።

ሰፊዋ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ተቀምጠዋል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ይወጣል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ማሽኑ ከስፌት መኪናው አጠገብ ድምፁ ጠፍቶ ቆሟል።

«ጌጁን አምጪ» አለች እትዬ ሕጉ፣ መፍቻዋን ከኪሷ እያወጣች።

ልጅቱ መፈለግ ጀመረች። ቁርጥራጭ ጨርቅ አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። አልጋው ስር ጎንበስ አለች። እናትየው በዓይናቸው ይከተሏታል። ለሚፈልግ ሰው እጇ በጣም ዝግተኛ ነበር።

«የት አለ? አሮጌው ሲሊንደርስ የታለ?»

«እዚህ ነበር እኮ…»

እትዬ ሕጉ መሳቢያውን ስባ ወለሉ ላይ ገለበጠችው። ክርና አዝራር ተበታተነ። እኔ ቆሜያለሁ፤ ሙሉ ሲሊንደር አቅፌ፣ ሰው ፊቴ ላይ አየር አጥቶ ሲያጣጥር። እንዲህ ያለ ነገር ጠላቴንም አይግጠመው። መብራት ስለጠፋ ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከአጥሩ ማዶ ቀጭን «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እሷም ሰማች። ያንን ድምፅ እንቅልፍ ውስጥ ሆነን ብንሰማው እንለየዋለን።

ልጅቱ አለቀሰች። «ሰውዬው ጋ ነው» አለች።

ሰውዬው ማለት ጎረቤታቸው አናጢው ናቸው። እኔ ክው አልኩ። ሰፊዋና አናጢው በጣሪያው አሸንዳ ተካሰው ፍርድ ቤት የተመላለሱ፣ መንገድ ላይ ቢገናኙ ፊት የሚዟዟሩ ሰዎች መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የዝናቡ ውሃ ግቢዬን አጠበው ይላሉ ሰፊዋ። አናጢው ሳንባቸውን የእንጨት ብናኝ ጨርሶታል፤ ከኛ ማሽን ለማግኘት ተራ ከሚጠብቁት አንዱ ናቸው።

«ጠዋት…» አሉ ሰፊዋ፣ በሁለት ትንፋሽ መሃል፤ «ሲያጣጥር… ሰማሁት። ያኔ… መብራት ነበረ። ምን ላድርግ?»

ልጅቱ የአጥሩን አንድ ቆርቆሮ ገፋ ስታደርገው እንደ በር ተከፈተ። ጠርዙ በእጅ ብዛት ለስልሷል። ያን ቀን ብቻ የተከፈተ አልነበረም።

አናጢው መሥሪያ አግዳሚያቸው ላይ ጋደም ብለው የኛን ማስክ አድርገዋል፤ ሲሊንደሩና ጌጁ ከጎናቸው ነው። እትዬ ሕጉን መፍቻ ይዛ ሲያዩዋት ማስኩን ራሳቸው አወለቁት። «የሴትዮዋ ነው… ውሰዱላት» አሉ። ወዲያው ደረታቸው ወደ ውስጥ ይሰምጥ ጀመር።

«ሕጉ…» አለች እትዬ ሕጉ፤ አልጨረሰችውም። ሕጉ ግልጽ ነው። ጌጁ የሰፊዋ ነው። መፍቻውን ሁለቴ ብታዞረው ከዚህ ሲሊንደር አናት ተፈትቶ ወደ ሙሉው ይሄዳል፤ አንዷ ትተነፍሳለች፣ አንዱ ያበቃለታል። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንደምታደርግ ሳታውቅ ቆማ አየኋት። ፈራሁ። እሷ ካላወቀች ማን ያውቃል?

ከዚያ ማስኩን መልሳ አናጢው ፊት ላይ ለጠፈችውና ወደኔ ዞረች። «ምን ታፈጣለህ? እማማን ተሸክመህ አምጣቸው!»

ሰፊዋን ተሸክሜ በቆርቆሮው ቀዳዳ አሾለክኋቸው። ሰው እንዲህ ይቀላል እንዴ? እሷ ስልኳ ላይ ትጮኻለች፤ ሌላው ጫፍ የመጋዘን ጠባቂው ነው። «ጌጅ! ከየትም ፍታ! ከሆስፒታሉ ለምነህ ውሰድ፣ ካልሰጡህ ንጠቅ! በሞተር ላከው፣ ቦዩ ጋ ልጅቱ ትቀበለዋለች!» ልጅቱ ሮጠች፤ እኔ ሙሉውን ሲሊንደር ከዚያኛው ግቢ አመጣሁ።

ሁለቱን ጎን ለጎን፣ ትከሻ ለትከሻ አስቀመጥናቸው። አንድ ማስክ፣ ሁለት ፊት። እትዬ ሕጉ ከአንዱ አንስታ ለሌላው ታደርጋለች፤ የሚጠብቀው ሰው ፊት ሲጠቁር መልሳ ትወስዳለች። እኔ የጌጁን ቀስት አያለሁ። አናጢው ከጠዋት ጀምሮ ሲተነፍሱበት ስለቆዩ ቀስቱ ወደ ቀዩ ተጠግቷል። ጌጁን ፈትተን ሙሉው ላይ እንዳናስረው፣ እስክናስር ሁለቱም ያለ አየር ይቀራሉ።

«ለሴትዮዋ ይሁን» አሉ አናጢው ተራቸው ሲደርስ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

«ለሰውዬው ንገሪው» አሉ ሰፊዋ ማስኩን እየገፉ፤ «ይሄ ግትርነቱ ነው… ከኔ ጋር ያካሰሰው።»

«እናንተ ሰዎች!» ጮኸች እትዬ ሕጉ። «እዚህ ሞታችሁ ብታዋርዱኝ እግዜር ፊት ነው የምከሳችሁ! ተንፍሱ!»

አናጢው ግን ጥርሳቸውን ገጥመው ማስኩን በእጃቸው ገፉ። ቀስ እያሉ ጭንቅላታቸው ወደ ደረታቸው ወረደ። የዓይናቸው ነጩ ብቻ ታየ። እሷ ማስኩን ስትለጥፍላቸው እጃቸው ዝልፍልፍ ብሎ ከአግዳሚው ወረደ። እኔ ስማቸውን እጠራለሁ፣ ጉንጫቸውን እመታለሁ፤ ምንም። ይሄኔ ሰፊዋ፣ እነዚያን ሁሉ ዓመታት አንድ ቃል ያልተነፈሱላቸው ሴትዮ፣ ክንዳቸውን ጨምድደው ያዙ።

«አንተ! ሰማህ? ተንፍስ! ያ አሸንዳህ ሳይስተካከል የትም አትሄድም!»

አናጢው ሳሉ። ከዚያ በረጅሙ አየር ሳቡ። ሰፊዋ ማስኩን በገዛ እጃቸው አናጢው ፊት ላይ ይዘው፣ የራሳቸው ከንፈር እየጠቆረ፣ አልለቅም አሉ። እትዬ ሕጉ በጉልበት ነው ያስለቀቀቻቸው።

ልጅቱ ስትገባ ጌጁን ከነማስኩ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ አንድ ጫማዋ ቦዩ ውስጥ ቀርቶ ነው። ሲሊንደሩን በጉልበቴ አጥብቄ ያዝኩ፤ እትዬ ሕጉ አሰረችው፤ ከፈተችው። «ሽሽሽ» አለ። ሰፊዋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ የእንጨት ብናኙ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም።

ሁለቱንም ቦዩን አሻግረን፣ መኪናው ላይ ጭነን ሆስፒታል አደረስናቸው። መብራቱ ሲመለስ እነሱም ተሻላቸው። ወደ ቤት ስንመልሳቸው ሰፊዋ መኪና ውስጥ ጠየቁ፤ «ትወስጂዋለሽ? ማሽኑን?»

እሷ ግን ሌላ ነገር ጠየቀች። «እማማ፣ ለምን በስልክ እውነቱን አልነገራችሁኝም? አንድ ጌጅ ጨምሬ ይዤ እመጣ ነበር እኮ። ይሄ ሁሉ አይደርስም ነበር።»

«ብንነግርሽ ትነጥቂን ነበራ ልጄ።»

«አዎ» አለች። «እነጥቃችሁ ነበር።»

ካደረስናቸው በኋላ «ሕጉ ሊገድላቸው ነበር» አለችኝ። «ውሸታቸው ነው እንጂ» አልኳት። «ውሸቱን ማን አስተማራቸው?» አለች። ማኅበሩ ቢሮ ገብታ ከሊቀመንበሩ ጋር ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ በሩ ዝግ ነበር፣ ድምጿ ግን ዝግ አልነበረም። ስትወጣ «የመኪናውን ቁልፍ ያዝ» አለችኝ።

ማሽን ያለበትን ቤት ሁሉ ማንኳኳት ጀመርን። በየደጃፉ የምትለው አንድ ነው፦ «ማሽኑን አልወስድም። ለማን እንደምታውሱ ብቻ ንገሩኝ።» መጀመሪያ ሁሉም «እኛ? ኧረ በጭራሽ!» ይላል። ከዚያ ባል ሚስቱን ያያል፣ ሚስት ወለሉን። ከዚያ አንዱ በጣቱ ወደ ጎረቤት ያመለክታል። በየቤቱ። አንድም ቤት አልቀረም።

የሚጠቆሙልን ሰዎች እኛ የምናውቃቸው ነበሩ፤ ተራ የሚጠብቁት። እሷ በየሳምንቱ እየደወለች «ይታገሡ፣ ተራዎ እየቀረበ ነው» ትላቸው ነበር፤ እነሱም «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይሏት ነበር። ያለ ማሽን እንዴት ይሄን ያህል እንደቆዩ ሐኪሞቹም ይገርማቸው ነበር፤ እኔም ጠንካሮች ናቸው እል ነበር። ለካ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ኖሮ እኛ ብቻ አናውቅም።

መጨረሻ ያንኳኳነው አንድ ጡረተኛ ዘበኛ ቤት ነበር። ሰውዬው ተኝተዋል፤ ማሽኑ ግን አጠገባቸው የለም። ሚስታቸው ብዙ አመንትተው የጓዳውን በር ከፈቱልን። ጓዳው ውስጥ አንዲት ጸጉር ሠሪ ማሽኑን ከጎኗ አድርጋ ተቀምጣለች፤ የሁለት ልጆች እናት፣ ከኛ ተራ ጠባቂዎች አንዷ። እትዬ ሕጉን ስታይ ቱቦውን ከአፍንጫዋ ነቅላ በሁለት እጇ ዘረጋችላት።

«አሁን ልመልሰው ነበር እትዬ። እሳቸው እስኪነቁ ብቻ ብዬ ነው።»

እትዬ ሕጉ ቱቦውን ተቀበለቻት። ቱቦውን መልሳ በሴትዮዋ ሁለት ጆሮዎች ላይ አሳለፈችው፤ አፍንጫዋ ላይ አስተካከለችው።

«ተንፍሺ» አለቻት።

ሴትዮዋ ግን ከፍርሃቷ የተነሳ ትንፋሿን ይዛ ነበር።