ጫልቱም ጸሐይም

አያቴ ሰበታ ቤታቸው ተቀምጠው የዘመዶቻችንን ታሪክ ኮምፒውተር ላይ ይጽፉ ነበር። ለአንድ ሰው አንድ ገጽ ይከፍታሉ፤ ሁለት ስም ካለው ሁለቱንም ወደዚያው ገጽ ያገናኛሉ።

“አባባ፣ ይሄ ሁሉ ሊንክ ለምን?” ስላቸው፣ “ፈላጊ በየትኛው ስም እንደሚመጣ በምን ታውቂያለሽ?” ይሉኝ ነበር።

ባረፉ በሳምንቱ ለቅሶ ልትደርስ የመጣች ጎረቤታችን፣ አባባ የጠፉ ዘመዶችን ሳይቀር ይጽፉ እንደነበር ስነግራት፣ “ሰንዳፋ ያሉት አማቴ ወይዘሮ ጸሐይም በልጅነታቸው ከቡራዩ ወጥተው ቤተሰባቸው ጠፍቶባቸዋል” አለችኝ። “ጸሐይ” የሚለውን ስም አባባ ኮምፒውተር ላይ ስፈልገው “ጫልቱ” የሚል ገጽ ተከፈተ። “የባለቤቴ ታናሽ እህት፤ በልጅነቷ ከቡራዩ የጠፋች። አሳዳጊዎቿ ጸሐይ አሏት። እስካሁን አልተገኘችም” ይላል።

በማግስቱ ወይዘሮ ጸሐይ መጡ። ሴት አያቴ እህታቸው አንገት ላይ ተጠምጥመው አለቀሱና ወደ አባባ ባዶ ወንበር ዞረው እልልታውን አቀለጡት።

“ይስሙኝ! ጫልቱን አገኟት እኮ!”