ስድስተኛው ፓነል

እህቴን ሰፈሩ በሙሉ «ሚዛን» ነው የሚላት። ሥራዋ ሶላር መግጠም ነው። ፓነሎቹን ሦስት ሦስት አድርጋ በሽቦ ታያይዛለች፤ ታዲያ ሁለቱ ረድፎች እኩል ካልሆኑ ከባትሪው መቆጣጠሪያ ጋር አታገናኛቸውም። «አንዱ ፓነል ከደከመ ረድፉን በሙሉ ያደክመዋል» ትላለች። ደንበኛው ቢለምናት፣ ቢቆጣት፣ ወይ ፍንክች! እኔ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ነገሩ ይገባኛል፤ አንዱ እጅጌ ካጠረ ሸሚዙ ሸሚዝ አይባልም።

ይቺው ሚዛን ናት እንግዲህ በገዛ ቤታችን ጣሪያ ላይ ጉድ የሠራችን።

እማዬ ሳንባዋ ስለደከመ የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነው። መብራት በየጊዜው ሲጠፋ ጊዜ እህቴ ስድስት አዲስ ፓነል ይዛ መጣች። እሷ ቆርቆሮው ላይ፣ እኔ ከታች መሰላሉን ይዤ ዋልን። ደመና ሲያልፍ ጥላው ቀስ ብሎ ፊቷ ላይ ይሄዳል፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ ትላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ናት፤ እጇ ሥራ ላይ ነው፣ ልቧ ሌላ ቦታ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ፀሐይዋ እሳት ሆና ዋለች፤ ባትሪው ግን ከግማሽ አላልፍ አለ። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ፤ ገና ሳይመሽ ማሽኑ መጮህ ጀመረ። የእማዬ ከንፈር ጠቆረ። ከጎረቤት ጄኔሬተር ገመድ ስበን ለጥቂት አተረፍናት።

የእማዬን እግር የማለብስበት ብርድ ልብስ ፍለጋ የእህቴ አልጋ ሥር ብገባ፣ አንድ አዲስ ፓነል ከነካርቶኑ ተጋድሟል። ወጥቼ ጣሪያውን ቆጠርኩ። ስድስት! አንዱ ግን የደበዘዘ፣ ጥጉ የተጫረ ነው። አወቅኩት። ባሏ ሙያውን ያስተማራት በሱ ነበር።

«አንቺ! ለሰው የምትከለክይውን በእናትሽ ላይ?» ብዬ ጮህኩባት።

«እትዬ… ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ ሳየው አንጀቴን በላው። ከሌሎቹ ጋር ይሁን ብዬ ነው።»

«የኔንም አንጀት ይበላል። እማዬ ግን ትተንፍስ!»

መሰላሉን ወጣች። አሮጌውን ፈታችና አቅፋው ቆርቆሮው ላይ ብዙ ቆየች፤ እንደሚያንቀላፋ ልጅ ታወዛውዘው ነበር። እኔም መሰላሉን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ከዚያ ተነስታ አዲሱን ገጠመች፣ ሁለቱን ረድፎች ለካች፤ እኩል መጡ። በማግስቱ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ባትሪው ሞልቶ ነበር።

ለአሮጌው የራሱን ትንሽ መቆጣጠሪያና ባትሪ ሰጥታ በረንዳው ላይ ሰቀለችው። የሚያበራው አንዲት አምፖል ብቻ ነው፣ መስኮቱ አጠገብ። ማምሻውን እማዬ ከትራሷ ቀና ብላ አምፖሏን አየቻት።

«ያ የማን መብራት ነው?»

«የአማችሽ ነው፣ እማዬ» አለች እህቴ።

እማዬ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«እንግዲያው አታጥፉበት» አለች።