በእናቷ ስንዝር

የእህቴን ልጅ ሰፈሩ በሙሉ «መርፌ» ይላታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ነገር ስለማታሳልፍም ነው። ስሙን ያወጣሁላት እኔ አክስቷ ነኝ፤ አሁን ብጸጸት ማን ይሰማኛል? የቀሚስ ቤታችንን ዛሬ የያዘችው እሷ ናት። ከእሷ በፊት እናቷ፣ የእኔ ታላቅ እህት፣ ነበረች፤ እታለም ነበር የምላት። የእኔ ሥራ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ቁልፍ መትከልና ጠርዝ ማጠፍ ነው። እድገት የሚባል ነገር አላየሁም።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። መስኮቱ ሥር ሁለት የእግር ስፌት መኪና፣ መሃል ላይ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ልብስ የሚሞከርበት በመጋረጃ የተከለለ ቦታ አለ። እታለም ትቆርጣለች፣ መርፌ ትሰፋለች፣ እኔ እጨርሳለሁ። መቀሱን ከእታለም በቀር ማንም አይነካም። ልጅቷ አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት እንኳ «ቆይ፣ ትደርሺበታለሽ» ነበር የምትባለው።

እታለም ሜትር አታምንም። «ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል፣ ይዋሻል። እጅ አይለጠጥም» ትላለች። ደንበኛዋን በስንዝሯና በጣቷ ትለካና ጥቁሩ ደብተር ላይ ትጽፋለች፦ ደረት አራት ስንዝር ከሁለት ጣት፣ ወገብ አራት ስንዝር። አንዴ የተለካ ሰው ሁለተኛ አይለካም፤ ይህ የቤታችን ኩራት ነበር። ሴቶቹ ጨርቁን ይልኩና «ልኬን ደብተሩ ያውቀዋል» ይላሉ። ቀሚሱም ልክክ ብሎ ይደርሳቸዋል።

ባለፈው ዓመት እታለም ጠረጴዛው ላይ እንዳጎነበሰች ቀኝ ጎኗ ከዳት። መቀሱ ወለሉ ላይ ሲወድቅ የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከሆስፒታል ስትመለስ ቀኝ እጇ እንደተጨበጠ ቀረ፤ ንግግሯም ተጎተተ። መቀሱን መርፌ አነሳችው። ሌላ ማን ያንሳው?

መጀመሪያ የቆረጠችው ቀሚስ ጠበበ። የቀሚሱ ባለቤት ወልዳ ስለነበር በወሊዱ አሳበብን። ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ገበያ ደረሰ፦ «ልጅቷ የእናቷ እጅ የላትም።» ሁለት ደንበኞች ጨርቃቸውን ሳይቆረጥ መልሰው ወሰዱ። ያን ጊዜ ነው የድሮ ደንበኛችን መምህርቷ ጨርቅ የላከችው። ሠላሳ ዓመት ከእኛ ሌላ ልብስ ሰፊ አታውቅም፤ አሁን ጡረታ ልትወጣ ነውና ለስንብቷ የምትለብሰው ሰማያዊ ቀሚስ ፈልጋለች።

«አክስቴ፣ ይሄ ከተበላሸ ቤቱን እዘጋዋለሁ» አለችኝ መርፌ።

«ክፉ አትናገሪ» አልኳት። እኔም ግን ፈርቻለሁ።

ረቡዕ መምህርቷ መጥታ መጋረጃው ውስጥ ገባች። ሳትወጣ ቆየች። ብንገባ ቀሚሱ ጀርባዋ ላይ አንድ መዳፍ ሙሉ ክፍት ሆኖ ቀርቷል፤ ታቹም ጉልበቷን በቅጡ አልሸፈነም።

«ወፍሬ ነው የኔ ልጅ» አለች መምህርቷ። ውሸቷን ነው፤ እንዲያውም ከስታለች። ስትወጣ «የእናትሽ እጅ እኮ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ብትጨርሰው ይሻል ነበር።

መርፌ ቀሚሱን፣ ደብተሩንና የሱቁን ቁልፍ ይዛ እናቷ ወደተኛችበት የጓሮ ክፍል ገባች። ተከተልኳት። ቁልፉን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ ውሰጂው። ያንቺ እጅ የለኝም።»

እታለም ቀሚሱን በግራ እጇ ዳበሰችው። «በምን… ለካሽው?»

«ደብተሩ ላይ ባለው ነዋ! ወገብ አራት ስንዝር ይላል፣ አራት ስንዝር ቆረጥኩ።»

«በማን… ስንዝር?»

 ሠላሳ ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ ይህችን ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ አለማሰቤ! እታለም በግማሽ አፏ ሳቀች፤ ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ናት። «እጅሽን… አምጪ» አለች።

መርፌ የተጨበጠውን የእናቷን እጅ ጣት በጣት ዘረጋችው። እታለምን እንደሚያማት ከፊቷ ያስታውቃል። እታለም በሕይወቷ ለማንም እጅ ሰጥታ አታውቅም፤ ያን ቀን ለልጇ ሰጠች። መዳፍ ለመዳፍ ገጠሙ። የልጅቷ ጣቶች አንድ አንጓ ያህል አጠሩ። እጅ አጠረ ሲባል ለገንዘብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሮጬ ሜትር አመጣሁ፦ የእናት ስንዝር ሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር፣ የልጅ አሥራ ዘጠኝ።

«እጅ አለሽ» አለች እታለም። «ትንሽ ነው… እንጂ።» ከዚያ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ። «መቀሱን ቀድሜ… ብሰጥሽ… ይሄ አይመጣም ነበር።» እህቴ ጥፋቷን ስታምን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

መርፌ የድሮውን የእንጨት ማስመሪያ ሃያ ሁለቱ ላይ ቆርጣ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ቀሚሱን ፈታች፤ ከትራፊው ጨርቅ በግራና በቀኝ ረጅም ቁራጭ አስገባች፤ ለታቹም ዘርፍ ጨመረችለት። መምህርቷ ለብሳው መስታወቱ ፊት ዞር ዞር አለችና «ይሄማ የእናትሽ እጅ ነው!» አለች። መርፌ «አዎ» ብላ የሽርጧን ኪስ ነካች፤ እንጨቱ እዚያ ነበር። ጨርቃቸውን የወሰዱትም እያፈሩ ተመለሱ።

እታለም ግን አልተመለሰችም፤ በየቀኑ ትንሽ በትንሽ እየራቀችን ሄደች። አንድ ጠዋት ልጇን ጠርታ «ለኔም… ስፊልኝ» አለቻት። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ደብተሩን ስንገልጥ የአገሩ ሴት ሁሉ አለ፤ የእሷ ልክ ብቻ የለም። ዕድሜዋን ሙሉ ከትራፊ የተሰፋ ነበር የምትለብሰው። እኔም አንድ ቀን «ያንቺስ?» አላልኳትም፤ ይህ ይቆጨኛል።

መርፌ እንጨቱን አመጣች። እታለም ራሷን ነቀነቀች። «በሱ አይደለም። በራስሽ።»

ልጅቷ ከትከሻዋ ጀምራ በገዛ ስንዝሯ እየቆጠረች ወረደች። መሃል ላይ አቋርጣ እንደገና ከላይ ጀመረች። ከዚያ አዲስ ገጽ ገለጠችና ጻፈች፦ «እማዬ። ቁመት ስድስት ስንዝር ከአራት ጣት። በእኔ እጅ።» እታለም ጮክ ብላ እንድታነብላት ጠየቀች። አነበበችላት። «ድገሚው» አለቻት፤ ደገመችላት።

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ አረፈች፤ ቀሚሱን አለበስናት። ቁልፎቹን የተከልኩት እኔ ነኝ፤ የቆለፈቻቸው ልጇ ናት። ልክክ አለ።