ቦርጫሙ ማርሚታ

እማዋይሽ በዚያ የቡና ወቅት ሁለት ጊዜ ዘግይታ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ከዘገየች የጭነት ሥራው ከእጇ እንደሚወጣ አባቦራ በሰው ፊት ነግረዋታል። አባቦራ ክፉ ሰው አይደሉም። ከአማን ከተማ ወጣ ብሎ የእሸት ቡና መፈልፈያ አላቸው፤ ቀይ ቡና ደግሞ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ አድሮ ይሞቃል፣ ይሸታል። ስለዚህ ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ የመጣ ኬሻ ወደ ማሽኑ አይገባም፤ ከነገለባው ለደረቅ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ ዋጋውም ይወርዳል። "እኔ አንቺን እጠብቅ ነበር፤ ቡናው ነው የማይጠብቀው፣ ወላሂ" ነበር ያሏት።

የምትጭንበት ሞተር ባለ አራት እግር ነው። በከተማው ሌላ የለም። ጫካ ሲለካ የነበረ አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ዕቃውን በጨረታ ሸጠ። የፕሮጀክቱ ዘበኛ የነበረው ባሏ ከፈለኝ፣ ሰው ሁሉ በወንበርና በቁም ሣጥን ሲጫረት፣ እሱ ይህንን እየገፋ ቤት መጣ።

"አልጋ የለንም እኮ" አለችው ያን ቀን።

"አልጋ ቡና ይጭናል?" አላት።

ሁለት ዓመት ነዳው። ከዚያ ቀፎ ሊሰቅል ረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ወደቀና ዳሌው ተሰበረ። ክራንች ያዘ፤ ሞተሩን እማዋይሽ ያዘች። ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠችው የታመመች እናቷን ልታስታምም ነበር። ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ ሌላ ሰው የጀመረውን መጨረስ ሆነ፤ መጀመሪያ የእናቷን ጓሮ፣ ቀጥሎ የሟች እህቷን ልጆች፣ አሁን ደግሞ የባሏን ሞተር። መንዳት የተማረችው በአንድ ሳምንት ነው። የሰበረችውን የጎረቤት አጥር ግን መልሶ ለማጠር ሁለት ሳምንት ፈጅቶባታል።

የመንገድ ዳሩንም ሆነ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ጓሮዎች ቡና ወደ አባቦራ መፈልፈያ የምትጭነው እሷ ነበረች። ሞተሩ እንደ ሌሎቹ የከተማው ሞተሮች አይደለም፤ ዘይትና ቤንዚን አቀላቅሎ የሚጠጣ ዓይነት ነው። ቅልቅሉን የሚሠራው ከፈለኝ ነው። ተቀምጦ የሚሠራው አንድ ሥራ ስለሆነ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። ዘይቱን በስኒ ይለካል። ልኩን ከጨረሰ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ስኒ ያክልበታል።

"ይህቺ ለምንድን ነው?" ትለዋለች።

"ለጤናው። ዘይት በዝቶበት የሞተ ሞተር አይተሽ ታውቂያለሽ?"

አላየችም። ያየችው ከኋላዋ ነጭ ጭስ ሲከተላት፣ ከጭስ ማውጫው ጫፍ ጥቁር ነገር ሲንጠባጠብ፣ ሞተሩም ከቀን ወደ ቀን ሲደክም ነው። ከወንዙ ድልድይ ወዲህ ያለውን የወፍጮ ቤት ዳገት በፊት በአንድ ትንፋሽ ይወጣው ነበር። አሁን እያቃሰተ፣ እየቆመ፣ እየተለመነ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ያዘገያት ይኸው ዳገት ነው።

የሞተሩ ማርሚታ፣ ጭስ ማውጫው፣ መልኩም አያምርም። ከሞተሩ ሥር በቀጭኑ ይነሳና መሃሉ ላይ እንደ ነፍሰ ጡር ያብጣል፤ ከዚያ መልሶ ይቀጥናል። ከፈለኝ ክራንቹን ተደግፎ ሲያየው ቆየና "አገኘሁት" አለ። "ችግሩ ይህ ቦርጭ ነው። ጭሱ እዚህ ይገባና ይተኛል። መውጫውን እናስፋለት።"

ፍሬአብም ሲጠየቅ ያንኑ አለ። ፍሬአብ አማን ውስጥ በብየዳ የታወቀ ወጣት ነው፤ የባጃጁንም የሞተር ብስክሌቱንም ጭስ ማውጫ የሚጠግነው እሱ ነው። ተንበርክኮ ቦርጩን በመዶሻ ኳ ኳ አደረገው።

"እትዬ፣ ይሄ የድሮ ነው። የአሁኖቹን አይተሻል? ቀጥ ያሉ ናቸው። አፍንጫሽ ተደፍኖ አንቺ ራስሽ ዳገት ትወጫለሽ?"

"አፍንጫዬ ተከፍቶም ዳገቱ አልወጣ ብሎኛል።"

"አሻሽልልሻለሁ። ስታልፊ ሰው ሁሉ ዞሮ ነው የሚያይሽ።"

"ሰው እንዲያየኝ አልፈልግም፤ አስራ አንድ ሰዓት እንዳያመልጠኝ ነው።"

"እሱንም ነው እኮ የምልሽ!"

ተወችው። ከፈለኝ አምኗል፣ በያጁ አምኗል፤ እሷ ምን አውቃ ትከራከራለች? ፍሬአብ አሮጌውን ፈታ። ሰፊ የብረት ቱቦ ቆርጦ፣ አጥፎ፣ በይዶ ገጠመና የብር ቀለም ቀባው። ሞተሩ ሲነሳ አጠገቡ የታሰረ በግ ገመዱን በጥሶ ሮጠ። ባለሱቆች ወጥተው ቆሙ። እማዋይሽ አንገቷን ደፍታ ነዳች። አስፋልቱ ላይ ግን ሮጠላት፤ ያንን መካድ አትችልም። ትንሽ ደስ ብሏትም ነበር። ኋላ ከሁሉም በላይ ያናደዳት ያቺ ትንሽ ደስታ ናት።

"ከመታጠፊያው ጀምሮ ሰማሁሽ!" አለ ከፈለኝ በር ላይ ቆሞ። "አንበሳ ነው እኮ!"

በማግስቱ ጠዋት ዘነበ። ከሰዓት በኋላ ከወንዙ ማዶ ሦስት ኬሻ ጭና ድልድዩን ተሻገረች። ገና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። ዳገቱ ሥር ስትደርስ ነዳጁን ሰጠችው። ሞተሩ ጮኸ። መጮህ ብቻ። ጎማው ትንሽ ተራመደና ቆመ፣ ከዚያ ከነጭነቱ ወደ ኋላ ይንሸራተት ጀመር። ፍሬኑን ይዛ ወረደች፣ ድንጋይ አስደገፈች፣ እንደገና ሞከረች። ጮኸ። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረች። በአሮጌው ማርሚታ እያጨሰም፣ እያቃሰተም፣ ዘግይቶም ቢሆን ይወጣ ነበር። አሁን ጭራሹን እምቢ አለ።

ጡረታ የወጡት የግብርና ሠራተኛ ጋሽ ካሣዬ ቤታቸው ዳገቱ ወገብ ላይ ነው። የማጂንና የቱምን ገጠር ሃያ ዓመት በመሥሪያ ቤት ሞተር ሲዞሩ ኖረዋል። ጋቢያቸውን እንደለበሱ ወጡ።

"ምንድን ነው ይሄ? አውሮፕላን የወደቀ መስሎኝ!"

"አሻሻሉልኝ፣ ጋሼ።"

ጎንበስ ብለው አዩት። "ቦርጩ የት ሄደ?"

"አወጡት። ጭሱን ያስተኛል ብለው።"

"ወይ ጉድ! ልጄ፣ የእኔም ሞተር እንደዚህ ዘይት የሚጠጣ ነበር። የዚህ ዓይነቱ እንደሌላው የነዳጅ መግቢያና የጭስ መውጫ መዝጊያ የለውም፤ ሲያስገባም ሲያስወጣም በአንድ ላይ ነው። ያ ቦርጭ ለጌጥ መሰላቸው? ሊያመልጥ የወጣውን ነዳጅ ገፍቶ የሚመልስለት እሱ ነው። አሁን ቤንዚንሽ ሳይቃጠል ነው የሚወጣው። እስቲ አሽትቺው።"

አሸተተች። እውነትም ቤንዚን ነው።

"ታዲያ ያኛውስ ለምን ደከመ?"

"ዘይት ታበዙበታላችኋ! ጥላሸት ይደፍነዋል። እኔ በየጊዜው እፈታና እሳት ውስጥ እከተው ነበር። ውስጡ ይቃጠልና ሲራገፍ እንደ አዲስ ይሆናል። ሌላ ምንም አይፈልግም።"

እማዋይሽ ኬሻው ላይ ቁጭ አለች። እሳት ብቻ። እጇ ከእሳት ተለይቶ አያውቅም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታነድ ነው የኖረችው። አንድ ሰው ይህን አንድ ቃል ቀደም ብሎ ቢነግራት ምን ነበረበት? ማንን ልትቆጣ? ፍሬአብን? ከፈለኝን? አልጠየቅሽም የሚላት ሰው ቢኖር እንኳ ማንን ትጠይቅ ነበር?

ከለቀማ የሚመለሱ ሴቶች ደረሱላት። ቡናውን በየማዳበሪያው ከፋፍለው በጀርባቸው አወጡላት፤ ባዶውን ሞተር ደግሞ ጋሽ ካሣዬና እሷ ገፉት። ዳገቱ ራስ ላይ መልሳ ጫነች። መፈልፈያው በር ስትደርስ አስራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። አባቦራ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል።

"ድምፅሽ ከመጣ ቆየ" አሉ። "ድምፅሽ በሰዓቱ ነው የደረሰው።"

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፣ አልለመነችም።

"ቡናው አልጋ ላይ ይሰጣ። ከነገ ጀምሮ ይትባረክ ይጭናል። ተናግሬ ነበር፣ እማዋይሽ።"

"ተናግረዋል" አለች።

ይትባረክ ባለ ሦስት እግር ጭነት ባጃጅ ያለው ሰው ነው። ከወቅቱ መጀመሪያ አንስቶ ይህን ሥራ ሲያይ ነበር።

ቤት ስትደርስ ከፈለኝ "አንበሳውስ?" አለ። ጋሽ ካሣዬ ያሉትን አንድ በአንድ ነገረችው።

"አንዲት ስኒ ናት እኮ" አለ በመጨረሻ።

"በየቀኑ አንዲት ስኒ።"

በነጋታው ፍሬአብ ዘንድ ሄደች። አሮጌው ማርሚታ አልጠፋም። በሩ ላይ ካለው ምሰሶ በሽቦ ተሰቅሏል፤ ሥሩ ላይ በቀይ ቀለም "ማርሚታ እናሻሽላለን" የሚል ቆርቆሮ ተንጠልጥሏል።

"አውርድልኝ።"

"እትዬ፣ እሱ እኮ ማስታወቂያ ሆኗል።"

"አዲሱን ስቀለው። ሰው ለመጥራት ከእሱ የሚሻል የለም።"

ፍሬአብ ሊስቅ ብሎ ተወው። የሆነውን ስትነግረው ጆሮው ቀላ። "ባለ ዘይት ሞተር ከዚህ በፊት ነክቼ አላውቅም" አለ ቀስ ብሎ። መሰላል አምጥቶ አወረደው።

ግቢዋ ውስጥ የተገረዘ የቡና እንጨት ከምራ ማርሚታውን መሃሉ ላይ አስተኛችው። ጥቁር ጭስ በአጥሩ ላይ ወጣ።

"እማዋይሽ፣ ጎማ ነው የምታቃጥይው?" አለች ጎረቤቷ ሳፊያ ከማዶ።

"የባሌን ስኒ ነው።"

"የምን ስኒ?"

"ተይኝ እስቲ፣ ሳፊያ።"

ሲቀዘቅዝ በመዶሻ እየመታች አራገፈችው። የወጣው ጥላሸት አንድ ድስት ይሞላል። ከፈለኝ ሲያይ ቆየና ስኒውን አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠ፤ ይቅርታ መሆኑ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅልቅሉን የምትሠራው እሷ ሆነች። ለእሷ ሌላ አንድ ሥራ ተጨመረ፤ እሱ ደግሞ ተቀምጦ የሚሠራው ጠፋ። እሱም የሚያስደስት ነገር አልነበረም።

ፍሬአብ መጥቶ ማርሚታውን መልሶ ገጠመው። ሞተሩ የወፍጮ ቤቱን ዳገት ሳይቆም ወጣ። እማዋይሽ ዳገቱ ራስ ላይ ለአፍታ አቆመች፤ ከዚያ እስከ አባቦራ ድረስ ነዳች።

"ቃሌን ለይትባረክ ሰጥቻለሁ" አሉ አባቦራ። "ከወንዙ ማዶ ግን አልሄድም ብሏል። ጭቃ ነው፣ ዳገት ነው ይላል። ከፈለግሽ እሱን ውሰጂ። ቡናው ጥቂት ነው፤ መንገዱንም ታውቂዋለሽ።"

ታውቀዋለች። ደህና ደህናው የመንገድ ዳር ጭነት ለይትባረክ ሆኗል፤ ለእሷ የደረሳት ያ ድልድይና ያ ዳገት ብቻ ነው። በአንዲት ስኒና በአንድ ቱቦ። ደስ አላላትም፣ ግን እሺ አለች።

በማግስቱ ሁለት ኬሻ ጭና መጣች። ገና አስር ሰዓት ተኩል ነበር። ማንም ከሱቁ ወጥቶ አላያትም፤ በግም አልሮጠም። መፈልፈያው በር ላይ ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። አባቦራ ጀርባቸውን ሰጥተው ሰዓታቸውን እያዩ ነበር፤ ዞር ሲሉ ደነገጡ።

"መቼ መጣሽ? አልሰማሁሽም።"

"አዎ" አለችና የመጀመሪያውን ኬሻ ወደ ሚዛኑ ጎተተች።