በረኪና የበላው ቀለም

እናቴ ቡሪየን በምትባል ከተማ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ትሠራለች። እኔ ከትምህርት ቤት በባስ እዚያ ሄጄ ሺፍቷ እስኪያልቅ እጠብቃታለሁ። አባባን ያወቅኋቸው እንዲህ ስጠብቅ ነው። ስዊድናዊ ናቸው። "አባባ" ያለቻቸው እናቴ ናት፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ከስማቸው አስበልጠው ወደዱት። ስለሳቸው መጻፍ ደስ ይለኛል፣ ታሪኩ ደስ ባይልም።

የአባባ የመጫወቻ ካርታ ንጉሥና ንግሥት የለውም። ፈረሰኛ፣ አሳማ፣ የአበባ ማሰሮ፣ ኩኩ የምትባል ወፍ አሉበት። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ካርታ ይታደላል፤ ያልወደደው ከጎረቤቱ ጋር ይቀይራል። መጨረሻ ላይ ዝቅተኛውን ይዞ የተገኘ ከመቁጠሪያ ጠጠሮቹ አንዱን ያስረክባል። ጠጠሮቹ ከአጥንት የተሠሩ ናቸው፤ አራት ክፍል ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። ቀዩ የሚስታቸው፣ አረንጓዴው የወንድማቸው፣ ቢጫው የጓደኛቸው፣ ነጩ የራሳቸው ነበር። ሦስቱም ሰዎች ሞተዋል።

በዚያ ሰሞን አባባ ምግብ መብላት ተዉ። ነርሷ "ብዙ አይቆዩም" ብላ ለእናቴ ነገረቻት፤ እሳቸውም ያውቁታል። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አራቱም ቀለም ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ አንዴ መጫወት።

"እኔ ቁማር አልጫወትም" አለች እናቴ።

"እማ፣ ብር የለውም እኮ።"

"ብር የሌለው ነው የሚያስለምደው።" ከዚያ አባባን አየቻቸው። "ኦኬ፣ ቅዳሜ። አንዴ ብቻ።"

ዓርብ ቤቱ ውስጥ የሆድ በሽታ ገባ። እናቴ የበሩን እጀታ፣ ሪሞቱን፣ እጅ የነካውን ሁሉ አጠበች። ጠጠሮቹንም ለቅዳሜ ንጹሕ ይሁኑ ብላ በረኪና ውስጥ ዘፈዘፈቻቸው። ቅዳሜ ስደርስ ፎጣ ላይ ተሰጥተዋል። ሁሉም ነጭ።

"ፕላስቲክ መስሎኝ ነው" አለች። መልሼ ልቀባቸው ብዬ የጥፍር ቀለሜን ከቦርሳዬ ሳወጣ እጄን ያዘችኝ። "ተዪው። እኔው ልንገራቸው።"

አልጋቸው አጠገብ ተንበረከከች። "ይቅር ይበሉኝ አባባ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት።"

አንድ እፍኝ አንሥተው ዓይናቸው ሥር አገላበጡ። "ሁሉም የእኔ ሆኑ" አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለን ነበር። ከዚያ "እንቀመጥ" አሉ።

እኔ በሚስታቸው ቦታ፣ እናቴ በወንድማቸው ቦታ ሆንን። ለጓደኛቸው ባዶ ወንበር አስጠጋንና ካርታ ሰጠነው። ስንገልጥ ዝቅተኛው የባዶው ወንበር ሆነ። እኔና እናቴ ተያየን። አባባ እጃቸውን ዘርግተው ከፊቱ አንድ ጠጠር አነሡ።

"ሞቶም አልተሻለውም" አሉ። እናቴ ሳቋ አመለጣት።

ሁለት ዙር እንኳ ሳንጨርስ ደከሙ። ጠጠሮቹን ወደ ሳጥኑ ስንመልስ እናቴ አንድ በአንድ እያነሣች "ይሄስ የማን ነው?" ትላቸዋለች። ዓይናቸውን ሳይገልጡ "የእሷ" ይላሉ፤ "የወንድሜ"፤ "የዚያ የተሸናፊው"። በምን እንደሚለዩ አላውቅም፤ እናቴም አልጠየቀችም። በየክፍሉ ታስቀምጣለች።

ከዚያ መልስ መስጠት አቆሙ። እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ሰኞ ሞቱ።

በዚያች ቅዳሜ ግን፣ እሳቸው እንደተኙ፣ እናቴ የቀሩትን ጠጠሮች መዳፏ ላይ ሰበሰበች።

"እነዚህ የራሳቸው ናቸው ማለት ነው" አለች፤ በአራተኛው ክፍል ከትታ ሳጥኑን ዘጋችው።