ላሟ ወንዝ ወረደች

በደጋው፣ ከኮሶዬ ወዲያ የማስተምርበትን ትምህርት ቤት ሊጎበኝ የመጣ ባለሥልጣን ልጆቹን "ምን ቸገራችሁ?" ብሎ ጠየቀ። አንዲት ተማሪዬ ብድግ ብላ፣ "መኸር ሲገባ ክፍላችን የገዢው ጎተራ ይሆናል፤ ያን ጊዜ አንማርም" አለች። በማግስቱ "ሕዝብ ታሳምፃለህ" ተብዬ በጭነት ማኪና ጎንደር ወረድኩ።

የገባሁበት የወህኒ ቤት ክፍል ወለሉ አፈር ነው፤ የሽንትና የላብ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። እግሬን በርስት ክርክር ከታሰሩ አንድ የጃናሞራ ሽማግሌ እግር ጋር በሰንሰለት አቆራኙት። እሳቸው ባሳላቸው ቁጥር ብረቱ የእኔን ቁርጭምጭሚት ይልጠዋል።

አንድ ዐርብ የወህኒው አዛዥ አስጠራኝ። ቁራኛዬም የግዳቸውን አብረውኝ መጡ።

"እሑድ ከአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣል። እስረኞቼ ማንበብ ተምረዋል ብያለሁ። አስነብብልኝና ቤትህ ግባ።"

የተያዝኩት ልጄ በተወለደች በሳምንቷ ነው። ቤቴ ለመግባት ያላሰብኩት ነገር አልነበረም፣ ምን ይደበቃል። ፊደል ማስተማሩን ትቼ፣ አዛዡ የሰጠኝን የማንበቢያ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ እስረኞቹን በቃል ማስጠናት ያዝኩ፦ "ላሟ ወንዝ ወረደች፤ ውኃ ጠጣች፤ ተመለሰች።" ሽማግሌው ዳዊት ሲደገም እየሰሙ ያደጉ ናቸውና በአንድ ጠዋት ወጡት። ግን ጣታቸውን ገጹ ላይ እያሄዱ ይነዘንዙኛል።

"ላም የሚለው የቱ ነው?"

"አያ፣ ጊዜ የለንም። ዝም ብለው ይበሉት።"

"ምነው! ይቺ ላም ስትወርድ ስትወጣ ዋለች፤ መልኳን እንኳ አላየሁ።"

እሑድ ግቢው ውስጥ አሰለፉን። ሽማግሌው መጽሐፉን ተቀብለው ላሟን ወንዝ አውርደው መለሷት። አዛዡ ፊቱ በራ። እንግዳው ግን ገጹን ገለጠና "ይኸንንስ?" አለ።

ሽማግሌው ገጹን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

"ይኼ ደነዝ ነው ጌታዬ" አለ አዛዡ ቶሎ ብሎ። "ሌላ ይጠራ።"

ሌሎቹም ያጠኑት ያንኑ ገጽ ነው፤ ግን እንግዳው መጽሐፉን መልሶ ወደ መጀመሪያው ሊገልጥላቸው ይችል ነበር። ዝም ብል ቤቴ እገባለሁ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

"እሳቸው ደነዝ አይደሉም" አልኩ። "በቃል ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ። ማንበብ ገና አላስተማርኳቸውም።"

እንግዳው መጽሐፉን ከድኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን ግርፋት አልተርክም።

ክፍላችን ስንመለስ ሽማግሌው ሰንሰለቱን ሰብስበው ተጠጉኝ። "ምነው ልጄ? ልትፈታ አልነበር?"

እሳቸው አፈሩን በመዳፋቸው ደለደሉና "በል እንግዲያ፣ አሳየኝ" አሉ። በጣቴ "ላም" ብዬ ጻፍኩላቸው። ዓይናቸውን አጥብበው አዩት።

"ቀንድ የላትም እኮ!"

ሳቃችንን የሰማው ዘበኛ በሩን በርግጫ መታው። ጽሑፉን አላጠፋነውም።

ቤቴ የገባሁት ልጄ በእግሯ ስትሄድ ነው። ያ ጊዜ ይቆጨኛል፤ የተናገርኩት ግን አይቆጨኝም። ከዚያ ወዲህ ስንት ትምህርት ቤት አስተዳደርኩ፤ ትምህርት ይሻሻል በሚል ስብሰባም አረጀሁ። ሁሉም እጁን የሚያወጣበት ክፍል ስገባ ዛሬም በቃል ያጠኑት ይመስለኛል። ከኋላ አንዱ "አልገባኝም" ሲል ግን ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ።